አንድ ጥርስ ብቻውን ስም አያወጣም



በቅርቡ እዚህ ጦር ኃይሎች ከጉባኤ በኋላ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣና፣ «ፓስተር፣ በአገራችን ትልቅ ሥጋ በል ዳይኖሰር ተገኝቷል ይላሉ፤ እውነት ነው? ስሙስ ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የእርስዎም ሊሆን ስለሚችል መልሱን እነሆ።

መገኘቱ እውነት ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በጀማ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ በሙገር ስም የሚጠራ የአለት ንብርብር አለ። ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ከዚያ ያገኟቸውን የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞና የዳይኖሰር ቅሪተ አካላት እ.ኤ.አ. በ1999 በጽሑፍ አቅርበዋል። ከእነርሱም አንዱ የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ ነው። በአለቱ ውስጥ ከቀረው የዕፅዋት ብናኝ ተነሥተው ዕድሜውን ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ገምተውታል። ሆኖም በዚያ ጥርስ አዲስ የዝርያ ስም አላወጡም።

ለምን? ሥጋ በል ዳይኖሰር ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ይቀይር ስለነበር ጥርስ በብዛት ይገኛል። ነገር ግን የብዙዎቹ ጥርስ ይመሳሰላል፤ ጠፍጣፋ፣ ወደ ኋላ የታጠፈና ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው። አዲስ ዝርያ ለማለት በሌላው ላይ የማይታይ ምልክት ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የራስ ቅል ነው።

የግብፅን ታሪክ እንመልከት። በ1914 በባሕሪያ በረሃ የአንድ ትልቅ ሥጋ በል ዳይኖሰር አጥንት ተገኘ። ጀርመናዊው ኤርንስት ሽትሮመር በ1931 ከአልጄሪያ በተገኙ ሁለት ጥርሶች ከተሰየመው ዝርያ ጋር አንድ ነው አለ፤ ካርካሮዶንቶሳውረስም ብሎ ጠራው። አጥንቱ በ1944 በሙኒክ የአየር ድብደባ ወደመ። ከዚያ ማክሲሚሊያን ኬለርማንና ባልደረቦቹ በቱቢንገን መዝገብ ቤት የቆዩ ፎቶግራፎችን አግኝተው መረመሩ። በአፍንጫው ላይ ቀንድ መሰል ጉብታ አዩ፤ የጥርሱም ቅርጽ የተለየ ነበር። በ2025 ታሜሪራፕተር የሚል አዲስ ስም ሰጡት፤ ርዝመቱም 10 ሜትር ያህል ነው። ስሕተቱ እስኪታረም ዘጠና ዓመት ያህል ፈጀ!

እንግዲህ አንድ ጥርስ አንድ ምስክር ነው፤ ፍርዱ ግን ሌሎች ምስክሮችን ይጠብቃል። ስለዚህ በስልክ የሚዞረውን ስም ሁሉ አይቀበሉ። በጀማ ሸለቆ ዘመድ ካለዎት ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፤ እንግዳ አጥንት ከአለት ውስጥ ብቅ ብሎ ቢያዩ ቆፍረው አያውጡት። ቦታውን ምልክት አድርገው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ከቦታው የተነቀለ አጥንት ግማሽ ምስክርነቱን እዚያው ጥሎ ይመጣል።