እንሰት በስሙ፣ አትክልትም በጽሑፉ

ሆሳዕና አካባቢ አንድ የገጠር ጓሮ ብትገቡ፣ ባለቤቶቹ እንሰቱን በስም በስም እየጠሩ ያሳዩአችኋል፤ ይሄ ጊሽራ፣ ያኛው ሲስቀላ። ለእንግዳ ሰው ሁሉም አንድ ነው። እነሱ ግን የግንዱንና የቅጠሉን መሐል ቀለም አይተው ይለያሉ፤ የትኛው ቆጮው እንደሚያምር፣ የትኛው አሚቾው ተቀቅሎ እንደሚጥም፣ የትኛው አጥንቱ ለተሰበረ ሰው እንደሚሰጥ ያውቃሉ። ለቤቱ የቀረበው ፍግ ይጠግባል፤ ቡናውና ጎመኑም እዚያው መሐል ይበቅላል።

ይሄን ጓሮ ያየ ሰው ሲማ ጓንግን ቢያገኘው በደንብ ይግባባው ነበር እላለሁ። ሲማ ጓንግ ቻይናዊ ባለሥልጣንና ታሪክ ጸሐፊ ነው። በሌላው ባለሥልጣን በዋንግ አንሺ የለውጥ ፖሊሲ አልስማማ ብሎ ከቤተ መንግሥት ርቆ ሉዎያንግ ሲቀመጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1073 የአትክልት ቦታ አበጀ፤ «የብቻ ደስታ» ብሎም ሰየመው። 5000 ጥቅል መጻሕፍት ያሉበት ቤት ነበረው። እኔን የማረከኝ ግን የመድኃኒቱ ቦታ ነው፦ 120 መደብ አውጥቶ ዕፀዋት ተከለ፣ የእያንዳንዱንም ስም ለይቶ ምልክት አደረገበት! ከመደቦቹ ሰሜን ደግሞ ቀርከሃ እንደ ገበጣ ሰሌዳ በአራት ማዕዘን ተክሎ፣ ጫፉን አጎንብሶ እርስ በርሱ አጠላልፎ ጎጆ አደረገው።

አትክልቱ ዛሬ የለም። ይህን ሁሉ የምናውቀው ራሱ ስለጻፈው ነው። ለቻይና ምሁራን አትክልት መትከልና ስለ አትክልቱ መጻፍ የአንድ ሥራ ሁለት እጆች ነበሩ። ሱጆ ከተማ ውስጥ ዛሬም የሚጎበኘው የዋንግ ሺየንቼን አትክልት በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ የጥንት መልኩን የምናገኘው ወዳጁ ወን ዠንግሚንግ እ.ኤ.አ. በ1533 ካዘጋጀው ስብስብ ነው፤ 31 ቦታዎችን ሥሎ ለእያንዳንዳቸው ግጥም ገጥሟል። በዚያን ጊዜ ግቢው የፍራፍሬ ዛፍም ነበረበት፤ ውበትና ምግብ አልተለያዩም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ስለ አትክልት አሠራር መጽሐፍ የጻፈው ጂ ቼንግ ደግሞ ከአጥር ውጭ ያለውን ተራራ «ተዋሱት» ይላል፤ ከግቢ ሲታይ የግቢው አካል እንዲሆን። ዱራሜ ላይ ከእንሰቱ ቅጠል በላይ የሀምበሪቾ ተራራ ብቅ ሲል የሚሆነው ይኸው ነው።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የእናቶቻችሁ ጓሮ ስትገቡ ደብተር ያዙ። የእንሰቱን ስም፣ ችግኙ ከየትኛው ጎረቤት እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ ተነቅሎ እንደተተከለ ጠይቁና ጻፉ።