«ሞቷል» የተባለ ጆይስቲክ፦ ተረትና እውነታ

የእግር ኳስ ጌም ለብቻ አያምርም። እንደ ሞርሲቶ ባለ ከተማ ሁለት ጆይስቲክ ብቻ ያለው ጌም ቤት አንዱ እምቢ ካለው የሚያጣው ግማሽ ገበያ አይደለም፤ ተጋጣሚ ያጣ ተጫዋች ከፍሎ አይቀመጥምና ሁሉንም ያጣል። ስለዚህ መብራቱ አልበራም ያለ ጆይስቲክ ወዲያው «ሞቷል» ይባልና ባለቤቱ ወይ ሆሳዕና ለመግዛት ይሳፈራል፣ ወይ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ደውሎ ከመርካቶ እንዲልክለት ይለምናል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምንም ሳይፈተሽ ነው። በዙሪያው የሚነገሩት ልማዶችም ከባዶ የተነሱ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ቀደም ላለ ሌላ ዕቃ እውነት የነበሩ ናቸው። ችግሩ ዕቃው ተቀይሮ ልማዱ ባለበት መቅረቱ ነው።

«ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አድሮ ካልተነሳ ባትሪው አልቆለታል።»

መጀመሪያ የት ተሰክቶ እንዳደረ ይጠየቅ። ፒኤስ3 (ፕሌይስቴሽን 3) ሲጠፋ በዩኤስቢው በኩል ለጆይስቲኩ ኃይል አይሰጥም። ፒኤስ4ም ሙሉ በሙሉ ከጠፋ አይሰጥም፤ በእረፍት ሁኔታ ላይ ሆኖ የሚሰጠውም ሴቲንግ ውስጥ ለዩኤስቢ ኃይል እንዲያቀርብ ከተፈቀደለት ብቻ ነው። ማታ ቤቱን ሲዘጋ ኮንሶሉን አጥፍቶ ጆይስቲኩን እዚያው ሰክቶ የሚሄድ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ማታ የተወውን ባዶ ባትሪ ነው።

«ታዲያ በስልክ ቻርጀር ሰካው» የሚለው ምክር ለፒኤስ4 ይሠራል፤ 5 ቮልት የሚሰጥ ደህና ቻርጀር በሁለት ሰዓት ገደማ ይሞላዋል። ኦሪጅናሉ የፒኤስ3 ጆይስቲክ ግን ኃይል ከመቀበሉ በፊት በዳታው መስመር ከተሰካበት መሣሪያ ጋር መነጋገር ይፈልጋል። ከተራ የግድግዳ ቻርጀር መልስ አያገኝምና ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ቢውል ላይሞላ ይችላል። ይህን ጆይስቲክ በበራ ኮንሶል ወይም በኮምፒውተር ላይ መሙላት ነው። ስንቱ ደህና ጆይስቲክ በዚህ ምክንያት ብቻ እንደተጣለ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ገመዱም ይታይ። አንዳንድ ርካሽ የስልክ ገመዶች ውስጣቸው ያሉት ሁለት የኃይል ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ዳታ የሚያስተላልፉት ሁለቱ የሉም። በእንዲህ ዓይነቱ ገመድ የፒኤስ4 ጆይስቲክ ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ከኮንሶሉ ጋር አይተዋወቅም። ሰው ደግሞ ባትሪው እየሞላ እያየ «አይሠራም» ይላል። ገመዱ ስልክንና ኮምፒውተርን አገናኝቶ ፎቶ ካሻገረ ደህና ነው፤ ከዚህ የቀለለ ፈተና የለም። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፦ በፒኤስ4 ጆይስቲክ ላይ ቻርጅ ሲደረግ ብልጭ ድርግም የሚለው ብርቱካናማ መብራት ባትሪው ሲሞላ ይጠፋል። የጠፋውን መብራት አይቶ «ቻርጅ መቀበል አቆመ» የሚል ሰው ሞልቶ የጨረሰውን ነው የሚያማው።

«ትልቅ ቻርጀር ያቃጥለዋል» የሚለው ደግሞ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አምፔር ከመፍራት የመጣ ነው። ቁጥሩ ቻርጀሩ መስጠት የሚችለውን ያሳያል፤ ምን ያህል እንደሚወስድ የሚወስነው ጆይስቲኩ ነው። ፈጣን የሚባሉት ቻርጀሮችም ቮልቱን ከፍ የሚያደርጉት የተሰካው ዕቃ ሲጠይቃቸው ነው። የሚያስፈራው ቮልቱን በወጉ የማይቆጣጠር ርካሽ ቻርጀር ነው፤ መብራት ሄዶ በሚመለስበት ሰዓት ደግሞ ይብሳል።

«የደከመ ባትሪ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ነፍስ ይዘራል።»

ይህን ልማድ በአክብሮት ነው የማነሳው፤ ለሬዲዮ ድንጋይ እውነት ነበርና። ዚንክና ካርቦን ያለበት ደረቅ ድንጋይ ሲሞቅ በውስጡ የቀረው ኬሚካል ፈጥኖ ይሠራል፣ ለጥቂት ጊዜም ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል። ዜና ሳይጨርስ የደከመ ሬዲዮ በዚህ ዘዴ ዜናውን ያስጨርስ ነበር። በፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ውስጥ ያለው ግን ሊትየም ባትሪ ነው፤ ሙቀት ጉልበት አይመልስለትም፣ ዕድሜውን ያሳጥረዋል እንጂ። የአምራቹ የሶኒ መመሪያ ቻርጅ እንዲደረግ የሚመክረው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ቦታ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ባትሪ ከዚህ እጅግ ያልፋል። «አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ቀን ሙሉ ቻርጅ ይደረግ»፣ «ሙሉ በሙሉ ሳይጨርስ አትሰካው» የሚሉትም ከድሮው የኒኬል ባትሪ የወረስናቸው ናቸው። ሊትየም በተቃራኒው ባዶ ሆኖ መቆየትን ነው የማይወደው።

ከሁሉም በላይ «ሞተ» የሚያሰኘውም ይኸው ባዶ መሆን ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጆይስቲክ ቀስ በቀስ ራሱን ያፈስሳል። ሲሞላ 4.2 ቮልት የሚደርሰው ባትሪ 2.5 ወይም 3 ቮልት አካባቢ ሲወርድ መከላከያው ይዘጋዋል። ያኔ ሲሰካም ወዲያው ምንም አያሳይም። መብራት አላየሁም ብሎ በአምስት ደቂቃ ከመንቀል ለጥቂት ሰዓት መታገስ፣ ክፍሉንም ለቅቆ አለመሄድ ነው። ያበጠ ባትሪ ከሆነ ግን ፈጽሞ አይሰካም። አየሩን ለማስወጣት በመርፌ የሚወጉ አሉ፤ ውስጡ እሳት ሊነሳ ይችላልና ይህን የሚያደርግ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

«ብልጭ ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ቦርዱ ተቃጥሏል።»

ብልጭ ካለ ቦርዱ አለ። እየፈለገ ነው፣ የሚፈልገውን ግን አላገኘም። የፒኤስ3ና የፒኤስ4 ጆይስቲክ የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ የተዋወቀውን ኮንሶል ነው። ሦስት አራት ኮንሶል በተደረደረበት ጌም ቤት ደግሞ የአንዱ ጆይስቲክ ለሌላው ሲሰጥ ይውላል። ዳታ በሚያስተላልፍ ገመድ ከሚፈለገው ኮንሶል ጋር አገናኝቶ መሃል ያለውን የፒኤስ አዝራር መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሆነ በጀርባው በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በፒኤስ3ና በፒኤስ4 ኤል2 አጠገብ፣ በፒኤስ5 የሶኒ ስም አጠገብ። ኮንሶሉን አጥፍቶ በስፒል ጫፍ ቀዳዳዋ ውስጥ ያለችውን አዝራር ለአምስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መልቀቅ፣ ከዚያ እንደገና በገመድ ማስተዋወቅ። ይህን ሳያደርጉ ካቻቪቴ ማንሳት አይገባም።

«ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ዕቃ በእኛ መብራት አይሠራም።»

ከሆሳዕናና ከአካባቢው ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዙ ነውና ለእኛ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። እዚያ 230፣ እዚህ 220 ቮልት ነው፤ የኮንሶሉ ኃይል ማስተካከያ ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የማይገጥመው ሦስት ወፋፍራም ክብ እግር ያለው ሶኬታቸው ነው፤ ገመድ ወይም አዳፕተር ቀይሮ መጠቀም ነው። ጆይስቲኩ ደግሞ ከዩኤስቢ 5 ቮልት ብቻ ስለሚወስድ አገር አይመርጥም። አገር ይመርጥ የነበረው የፒኤስ2 ሲዲ ነው፤ ሐሜቱም ከዚያ የቀረ ይመስለኛል።

«ለስላሳ ከፈሰሰበት ሩዝ ውስጥ ቅበረው።»

ሩዝ ስኳር አያወጣም። ለስላሳው ሲደርቅ ስኳሩ አዝራሩን ያጣብቃል፣ አሲዱ ደግሞ ብረቱን ይበላል። ማጥፋት፣ ከፍቶ የባትሪውን ገመድ መንቀል፣ ከፋርማሲ በሚገኝ አልኮል በጥርስ ብሩሽ ማጠብና በደንብ ማድረቅ ነው መድኃኒቱ። ጄል ሳኒታይዘር ቅባቱን ትቶ ይሄዳል፤ ቲነር ፕላስቲኩን ያቀልጣል።

«ቫይረስ ገብቶበት ራሱን ይጫናል።»

ተጫዋቹ ሳይነካው የሚሮጥ ከሆነ የአናሎግ ዱላው የካርቦን መንገድ ተበልቶ ነው፤ ለጊዜው ማጽዳት ይረዳል፣ ዘለቄታው መቀየር ነው። የፒኤስ3 ጆይስቲክ አዝራሮች በራሳቸው ከተጫኑ ግን ሌላ ምክንያት አለ። የአዝራሮቹን ስስ ፊልም ቦርዱ ላይ የሚጫን ስፖንጅ አለ፤ እርሱ በዘመን ብዛት ይላላል። ስፖንጁን መተካት ወይም ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት መደገፍ ብቻ ብዙ ጆይስቲክ መልሷል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ዝም ካለ ይከፈት። የፒኤስ4 ጆይስቲክ ጀርባ በአራት ብሎኖች የተያዘ ነው፤ ትንሽ መስቀለኛ ካቻቪቴ ይበቃዋል። የሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ያለው መልቲሜትር ሁለት ነገር ይንገራችሁ፦ ባትሪው ስንት ቮልት እንደያዘ፣ ገመድ ሲሰካም 5 ቮልቱ ከቻርጅ ፖርቱ አልፎ መግባቱን። ፖርቱ ሲነቀነቅ የሚነሳና የሚጠፋ ከሆነ የተጎዳው ትንሿ የፖርት ቦርድ ናት። በፒኤስ4 ከዋናው ቦርድ ጋር የምትገናኘው በጠፍጣፋ ገመድ ስለሆነ ያለ ብየዳ ትቀየራለች። ሆሳዕና ከመሄድ በፊት ግን በላይዋ ጄዲኤስ ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ፎቶ አንሱት፤ የገመዱ እግሮች ብዛት እንደ ቁጥሩ ይለያያል። ባትሪም እንዲሁ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው፣ የመብራት መስመሩ በመዳሰሻው ላይ ከሚታየው ሞዴል ጀምሮ መሰኪያው አንሷል። የድሮው ባትሪ አይገባበትም።

ባትሪው ደህና፣ ኃይሉም እየገባ ጆይስቲኩ ዝም ካለ ጉዳቱ ዋናው ቦርድ ላይ ነው፤ ለእርሱ የሚከፈለው የጥገና ዋጋ ከአዲስ ጋር ይቀራረባል። ያኔም አይጣል፤ ዱላዎቹ፣ ስፖንጁ፣ የፖርት ቦርዱና ባትሪው ለቀጣዩ በሽተኛ ይቀመጡ።