የሮብሊንግ ቤትና የሽቦ ገመዱ

ገመድ የሚገምድ ሰው ፊቱን ወደ ሥራው አዙሮ ወደ ኋላው የሚራመድ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በ1841 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፔንሲልቬንያ፥ ሳክሰንበርግ በምትባል የጀርመን ስደተኞች መንደር ያለፈ መንገደኛ፥ በአንድ መስክ ላይ ጎረቤታሞች ገበሬዎች የብረት ሽቦ በእጃቸው እየጠመዘዙ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ፥ የቤቱም እመቤት ለሁሉም ምሳ ስታሰናዳ ቢመለከት፥ የብሩክሊን ድልድይ ከዚህ ይወለዳል ብሎ ከቶ ባልጠረጠረም ነበር።

የመስኩ ባለቤት ጆን ሮብሊንግ በ1806 በፕሩስያ፥ በሙልሃውዘን ከተማ ተወልዶ፥ በበርሊን የምህንድስና ትምህርት ተምሮ፥ በ1831 ከወንድሙ ጋር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሲሆን፥ ምኞቱ ገበሬ ሆኖ መኖር ነበር፤ ነገር ግን እርሻው አልሰምርለት ስላለ ወደ ቀደመ ሙያው ተመልሶ የቦይና የባቡር መንገድ ቀያሽ ሆነ። በዚያን ዘመን በአሌጌኒ ተራራ ላይ የቦይ ጀልባዎች በሐዲድ ላይ ተጭነው በወፍራም የቃጫ ገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር፤ ገመዱም ቶሎ እየነተበ፥ በተበጠሰም ጊዜ አደጋ እያመጣ፥ ባለቤቶቹን ያስለቅሳቸው ነበር። ሮብሊንግ ከሽቦ ቢገመድ ቀጥኖ ሳለ ይበልጥ እንደሚጸና አሰበ፤ በመስኩም ላይ ሞከረው፥ ተሳካለትም። ድልድይ ኋላ የመጣለት ክብር ነው፤ ቤቱን እስከ መጨረሻው እንጀራ ያበላው ግን ይኸው ገመድ ነበር።

በ1845 በፒትስበርግ የቦይ ውሃን ከነጀልባው ተሸክሞ ወንዝ የሚያሻግር ተንጠልጣይ ድልድይ ሠራ። ፋብሪካውን በ1849 ገደማ ወደ ትሬንተን ካዛወረ በኋላ፥ ብዙ መሐንዲሶች ባቡር በተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ሊያልፍ አይችልም ሲሉ፥ በ1855 በናያጋራ ገደል ላይ ባቡር አሳለፈ። በ1866 ደግሞ በሲንሲናቲ 322 ሜትር የሚዘረጋ፥ በጊዜው በዓለም አቻ ያልነበረው ድልድይ ፈጸመ።

የዚህ ጥበብ ምስጢር በአንድ ነገር ላይ ያርፋል። በፋብሪካ የሚወጣው ገመድ የተገመደ ነው፤ የድልድዩ ታላቅ ገመድ ግን አይገመድም፤ ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ይተኛሉ እንጂ። መንኰራኵር ሽቦውን ይዞ ከአንዱ ዳርቻ የድንጋይ መልሕቅ ተነሥቶ፥ በሁለቱ ግንቦች ራስ ላይ አልፎ፥ ወዲያኛው ዳርቻ ይደርሳል፤ ደግሞም ይመለሳል፤ ይህም በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ ስለ ማበር ብቻ ተናገሩ፤ መሐንዲሱ ግን ማበሩ አይበቃም፥ እኩል መወጠርም ያስፈልጋል ይላል፤ አንዱ ሽቦ ከባልንጀራው ጥቂት የላላ እንደ ሆነ ሸክሙን ለሌሎቹ ጥሎ እርሱ ሥራ ፈት ይሆናልና። ፀሐይም ሽቦን ስለምታስረዝም፥ ይህ ማስተካከል የሚደረገው ብረቱ ሁሉ በአንድ ሙቀት ላይ በሚሆንበት በማለዳ ነበር።

ሰኔ 28 ቀን 1869 ጆን ሮብሊንግ ለብሩክሊን ድልድይ ቦታ ሲቀይስ፥ ወደብ የምትጠጋ ጀልባ እግሩን ጨፈለቀችው። ግትር ሰው ነበርና ሐኪሞቹን ትቶ በውሃ ሕክምና ራሱን ለማዳን ሲሞክር በመንጋጋ ቆልፍ ታሞ፥ በሐምሌ 22 ቀን ዐረፈ። የ32 ዓመቱ ልጁ ዋሺንግተን ሥራውን ተረከበ። የግንቦቹ መሠረት የተጣለው አፋቸው ወደ ታች በተደፋ፥ የታመቀ አየር በተሞሉ ግዙፍ የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ሰዎች ገብተው የወንዙን ወለል በመቆፈር ነበር፤ የኒው ዮርኩ ሣጥን 24 ሜትር ያህል ጠለቀ። ከዚያ በችኮላ ወደ ላይ የወጣ ሰው መገጣጠሚያው እየተሰበሰበ ይሠቃያል፤ ዋሺንግተንም በ1872 በዚህ ደዌ ወድቆ፥ ከእንግዲህ ወዲያ ሥራውን ከቤቱ መስኮት በመነጽር የሚመለከት ሆነ። ትእዛዙን በየቀኑ ወደ ድልድዩ ታደርስ የነበረች ባለቤቱ ኤሚሊ ናት፤ ሒሳቡንና የብረቱን ጠባይ ስለ ተማረች ከመሐንዲሶች ጋር ያለ አስተርጓሚ ትነጋገር ነበር። በ1883 ድልድዩ ሊመረቅ ሲቃረብ መጀመሪያ በሠረገላ የተሻገረችው እርሷ ናት፤ የድል ምልክት እንዲሆን አውራ ዶሮ ይዛ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የሽቦው ነገር ነው። ዋና መሐንዲሱ ለአባቱ ቤት እንዳያደላ ስለ ተሰጋ፥ ዋሺንግተን የኩባንያ ድርሻውን ሸጠ፤ ያም ሆኖ ሽቦውን የማቅረቡ ውል ሎይድ ሄግ ለሚባል የብሩክሊን ነጋዴ ተሰጠ። ይህ ሰው ተመርምሮ ያለፈውን ጥቅል ወደ ድልድዩ በሚጓዝበት መንገድ ላይ እያስቀረ በምርመራ የወደቀውን ይልክ፥ ያለፈውንም መልሶ ለምርመራ ያቀርብ ነበር። በ1878 ሲነቃበት መጥፎው ሽቦ በገመዱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ መንቀሉም የማይቻል ሆነ። ዳሩ ግን ገመዱ ከሚሸከመው ስድስት እጥፍ እንዲችል ታስቦ ስለ ነበር፥ ዋሺንግተን አስልቶ አምስት እጥፍ ያህል እንደ ቀረው አገኘ፤ በእያንዳንዱም ገመድ 150 ሽቦ በነጋዴው ኪሳራ አስጨመረ። ያ መጥፎ ሽቦ ዛሬም ከደጉ ጋር አብሮ ተወጥሮ ሸክሙን ይሸከማል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ትሬንተን ያለውን ፋብሪካ የያዙት ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞች ናቸው፤ ፈርዲናንድ ንግዱን፥ ቻርልስ መኪናዎቹን። በ1876 «የጆን ሮብሊንግ ልጆች ኩባንያ» ተብሎ በሕግ ተቋቋመ፤ ገቢውም ከድልድይ ይልቅ ከአሳንሰር፥ ከማዕድን ጉድጓድና ከቴሌግራፍ ሽቦ ይመጣ ነበር። ቻርልስ ከ1905 ጀምሮ በዴላዌር ወንዝ ዳር የአረብ ብረት ፋብሪካ ከነሠራተኞቹ መንደር ሠራ፤ መንደሩም ሮብሊንግ ተባለ። ሁለቱ ወንድሞች በ1917 እና በ1918 ሞቱ፤ የፈርዲናንድ ልጅም በ1921 ሲቀሠፍ፥ ከግማሽ ምእት ዓመት በፊት ሊሞት ነው የተባለለት ዋሺንግተን በ84 ዓመቱ የመሪነቱን ወንበር ያዘ፤ በትራም እየተሳፈረ ወደ ቢሮው ይመላለስ ነበር። በ1926 እስኪያርፍ ድረስም አልለቀቀውም።

ከእርሱ በኋላ ቤቱ የወርቃማው በር ድልድይን ሁለት ገመዶች በ1935 እና በ1936 አበጀ፤ በእያንዳንዱ 27,572 ሽቦ ተኝቶበታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቤተ ሰቡ ፋብሪካውን ለሌላ የብረት ኩባንያ ሸጠ፤ የሮብሊንግ መንደር ምድጃም በ1974 ጠፋ።

ጆን ሮብሊንግ በ1848 በዴላዌር ወንዝ ላይ ለቦይ የፈጸመው ድልድይ ግን አሁንም ቆሞ ይገኛል። ቦዩ በ1898 ተዘግቶ ውሃው ደርቋል፤ ጀልባ ሲያልፍበት በነበረው መንገድ ዛሬ መኪና ይሄድበታል፤ የተንጠለጠለባቸውም የብረት ሽቦዎች አብዛኛዎቹ ያኔ የተዘረጉት ናቸው።