ሳይወጣ የቀረ ጭስ በምን ሚዛን ይሸጣል?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከዓለም ባንክ ጋር በተፈራረመችው ውል መሠረት፣ በኦሮሚያ ክልል የደን ጭፍጨፋን ቀንሳና ደን አልምታ ለምታስቀረው እስከ 4 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስከ 40 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይከፈላታል። ቶኑ በ10 ዶላር ሂሳብ መሆኑ ነው። ሸቀጡ ግን እንደ ቡና በጆንያ የሚሞላ፣ ቀምሰው የሚገዙት አይደለም፤ ወደ አየር ሳይወጣ የቀረ ጋዝ ነው። ገዥው የሚያየው የሂሳብ ወረቀት ብቻ ነው።

ሂሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ተራ ማባዛት ነው። ከደንነት ወደ እርሻ ወይም ወደ ግጦሽ የተለወጠው መሬት በሄክታር ይለካና፣ አንዱ ሄክታር በአማካይ በሚለቀው ካርቦን ይባዛል። ሁለተኛው ቁጥር የሚገኘው መስክ ተወጥቶ የዛፎች ውፍረትና ቁመት ሲለካ ነው። ጭቅጭቁ የሚበዛው በመጀመሪያው ላይ ነው።

ለመሆኑ ደን ምንድነው? የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዛፎቹ 5 ሜትር እንዲደርሱ፣ ጥላቸውም ከመሬቱ 10 በመቶውን እንዲሸፍን ይጠይቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበችው ሰነድ ግን ቁመቱን ወደ 2 ሜትር ዝቅ፣ የጥላ ሽፋኑን ወደ 20 በመቶ ከፍ አድርጋለች፤ ቀርከሃም ይቆጠራል፣ ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር ማነስ የለበትም። በዚህም በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ ያለው አጭር የዛፍ ሽፋን ደን ተባለ። በወቅቱ የአገሪቱ ደን 15.5 በመቶ ነው ሲባል፣ አንድም ችግኝ ሳይተከል በትርጉም ለውጥ የገባም እንደነበረበት ልብ ይሏል።

የሳተላይቱም ጉዳይ አለ። የላንድሳት ምስል አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር መሬት ትሸፍናለች። ኮምፒዩተሩ ነጥቦቹን በቀለም ሲለይ ባሕር ዛፍን ከተፈጥሮ ደን፣ የጥላ ቡናን ከጫካ ያደባልቃል። ነጥቦቹን ደምሮ ሄክታር ነው ማለት ዜሮው ባልተስተካከለ ሚዛን እንደመመዘን ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች በዕጣ የወጡ ቦታዎችን አንድ በአንድ በዓይን መርምረው ካርታው ምን ያህል እንደሳተ ያሰላሉ። በዚህ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ 92 ሺህ ሄክታር ያህል ደን እንደጠፋ፣ 19 ሺህ ሄክታር ያህል ደግሞ እንደለማ ተገምቷል። የግምቱ ስህተት በሰፋ ቁጥር ከሽያጩ የሚቀነሰው ወይም በመጠባበቂያ የሚያዘው ይበዛል።

አብዛኛው ቤተሰብ በእንጨት በሚያበስልበት አገር ትልቁ ቀዳዳ ሌላ ነው። ለማገዶና ለከሰል እየተመለመለ ጥላው ከ80 በመቶ ወደ 25 በመቶ የወረደ ጫካ፣ በትርጉሙ መሠረት ዛሬም ደን ነው። የ2016ቱ ሰነድ ይህን መመናመን በሂሳቡ አላስገባም።