ከለውህ እስከ ማኅተም

ደረሳው፣ የቁርአን ተማሪው፣ ለውሁን፣ የእንጨት ሰሌዳውን፣ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም፣ በመቃ ብዕር ይጽፋል። የጻፈውን በቃሉ ሲይዘው ሼሁ ፊት ቀርቦ ይወጣዋል፤ ካለፈ ለውሁ ይታጠባል፣ ቀጣዩ ይጻፋል።

ሼሁን አስተማሪ ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ይበድለዋል። በጎጃም ደጋ ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ ኑሮው ንግድና ሽመና ነበር። ለደብረ ማርቆስ ቅርብ የነበረው የበሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓባይን ተሻግረው እስከ ጊቤ አገሮች የሚዘልቁ ሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበር፤ እስልምናም ከሸቀጡ ጋር ተጉዟል። ሼሁ ከዚህ ማኅበረሰብ በሚያገኘው ዘካና ሰደቃ እየኖረ ኒካህ ያስራል፣ ወዳጃ የሚባለውን የጋራ ጸሎት ይመራል፣ ውርስ ያካፍላል። ፍርዱን የሚያስፈጽምለት ጭፍራ የለውም። ልጆች ያሏት ባልቴት ከባሏ ሀብት ስምንተኛው እጅ ይደርሳታል ሲል፣ ሌሎቹ ወራሾች እሺ የሚሉት አላህን ፈርተው፣ እሱንም አክብረው ነው።

ጣሊያን በ1928 ሲገባ ለሊቃውንቱ ሌላ በር ከፈተ። ሙሶሊኒ በ1929 ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» ተቀብሎ ራሱን የሙስሊሞች ጠባቂ አደረገ። በኢትዮጵያም መስጊድ አሠራ፣ አረብኛ እንዲስፋፋ አዘዘ፣ ለቃዲዎች፣ ለሸሪዓ ዳኞች፣ ደመወዝ ቆረጠ። ዓላማው ከፋፍሎ መግዛት ነበር። ቢሆንም ከርስትና ከሹመት ተገፍቶ የኖረ ሕዝብ መስጊድ ሲሠራለት ደስ ቢለው እኔ ባንዳ ብዬ አልፈርድበትም። ጎጃም ውስጥ ከጣሊያን ጎን የቆመው ትልቁ ስም እንኳ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ የራስ ኃይሉ ስም ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሙስሊም አልነበሩም።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ በጎጃም የጣሊያን ዘመን አበቃ። ቃዲነት ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። በ1936 የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲዎችና የናኢባ (የምክትሎቻቸው) ጉባኤዎችን አቋቁሞ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ወቅፍን፣ ስጦታንና ውርስን እንዲዳኙ ሥልጣን ሰጣቸው። ትልቁ ለውጥ ለእኔ ይህ ነው፤ የባልቴቷ ስምንተኛ እጅ በሽማግሌ ልመና ላይ መንጠልጠሉ ቀርቶ በመንግሥት ማኅተም ሊጸና ቻለ።

ማኅተሙ የደረሰው ለጥቂቱ ነው። ሌላው ሼህ በዘካና በሰደቃ እየኖረ፣ ለውሁን ታቅፎ የሚመጣውን ደረሳ ማስቀራቱን ቀጠለ።