በእንግሊዝ መዝገብ ውስጥ የቀረ የሙስሊም ስም

ጸጉራችንን የምንታጠብበት «ሻምፖ» ስሙ ከየት መጣ ብንባል ብዙዎቻችን ከአውሮፓ ነው እንላለን። ቃሉ ግን የህንድ ነው፤ መነሻ ትርጉሙም ገላን ማሸት ነው። በእንግሊዝ አገር ያስታወቀው ፓትና ከተማ የተወለደ የሙስሊም ልጅ ነበር። መዛግብቱ «ሴክ ዲን መሐመድ» ይሉታል፤ «ሴክ» ያሉት «ሸይኽ»ን ነው።

ውድ አንባብያን! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናችንን የምንቀጥልበትን ያህል የዘር ሐረጋችንን እንድናውቅ አስተምረውናል። እኛም የዚህን ነጋዴ ቤተሰብ በየመዝገቡ እየተከተልን ስሙ የት እንደ ደረሰ፣ እምነቱስ የት ላይ እንደ ቀረ ለማየት ወደድን። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው በ1784 አየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ ገባ። በ1786 ጄን ዴሊ የምትባል የአገሩን ልጅ አገባ፤ ለጋብቻው ሲልም የአንግሊካንን እምነት ተቀበለ። በ1810 ለንደን ላይ የህንድ ምግብ ቤት ከፍቶ በ1812 ከሠረ። ከዚያ ብራይተን በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የእንፋሎት መታጠቢያና የማሸት ሥራ ጀመረ። ሥራው ሰምሮለት የንጉሥ ጆርጅ 4ኛና የንጉሥ ዊልያም 4ኛ አሺ ለመሆን በቃ።

የእንግሊዝ መንግሥት ልደትንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ያለው የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ነው። እንግዲህ የሸይኹን ልጆች የሚፈልግ ሰው የግድ ያንን መግለጥ አለበት! እኛን ከሁሉ ያሳዘነን ይኸው ነው።

ዕድሜውም ያወዛግባል። በ1794 ባሳተመው መጽሐፍ መሠረት የተወለደው በ1759 ነው፤ በ1822ቱ መጽሐፉ ግን 1749 ይላል። ከውትድርና በፊት ሕክምና ተምሬአለሁ ለማለት አሥር ዓመት ያስፈልገው ነበር። ገበያ ምን የማያስደርግ አለ! የመቃብሩ ድንጋይም 101 ዓመት ብሎታል፤ ድንጋይ የሚናገረው ቤተሰብ ያስጻፈውን ነውና። እኛ የመጀመሪያውን እናምናለን።

የሕዝብ ቆጠራ መዝገብም ወጥመድ አለው። የ1841ዱ ቆጠራ የአዋቂዎችን ዕድሜ ወደ አምስት ብዜት ዝቅ እያደረገ ይጽፋል፤ በውጭ አገር የተወለደውንም «የውጭ» ከማለት በቀር አገሩን አይጠቅስም። የትውልድ ቦታንና የቤተሰብ ዝምድናን በዝርዝር የጠየቀው ማርች 30 ቀን 1851 የተደረገው ነው። ጄን ግን ዲሴምበር 1850፣ እርሱም ፌብሯሪ 24 ቀን 1851 ሞተዋል። ለጥቂት ሳምንታት አመለጣቸው። ስለዚህ ፈላጊው ወደ ልጆቹ መዞር አለበት፤ ለምሳሌ ብራይተን ውስጥ የሰይፍ ግጥሚያና ቦክስ ያስተምር ወደ ነበረው ወደ ፍሬድሪክ።

በእኛ ልማድ የአያት ስም በልጅ ልጅ ላይ ይቀርና ከዚያ ይጠፋል። በእንግሊዝ ግን የቤተሰብ ስም ትውልድ ይሻገራል። በዚህም ምክንያት እምነቱ ከቤቱ ከወጣ በኋላ እንኳ «መሐመድ» የሚለው ስም አልወጣም። የፍሬድሪክ ልጅ ፍሬድሪክ አክበር መሐመድ በ1849 ተወልዶ በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ፤ ዛሬ ብዙዎቻችንን የሚያሠቃየውን የደም ግፊት ቀድመው ካጠኑት አንዱ ነው። በ1884 በታይፎይድ ሲሞት ገና 35 ዓመቱ ነበር። ሌላው የልጅ ልጅ ደግሞ በብራይተን ጎረቤት በሆቭ ከተማ ቄስ ሆኖ አገልግሏል፤ እርሱም ስሙ መሐመድ ነበር።