«ባያድነንም» ስለ ማለት፤ የሠለስቱ ደቂቅ ቃል ትርጓሜ

በትንቢተ ዳንኤል በ3ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን ልጆች የማያውቀው የለም። ታኅሣሥ 19 ቀን በበዓሉ ይነገራል፤ ጸሎታቸውና ምስጋናቸውም ከጸሎተ ነቢያት ጋራ ተቈጥሮ በዳዊት መጨረሻ ተጽፎ ይደገማል። ነገር ግን ብዙ ሰው ታሪኩን ከፍጻሜው ይጀምረዋል። መልአክ ወረደ፥ እሳት በረደ፥ ንጉሥ አደነቀ ብሎ ደስ ብሎት ያልፋል። እሳቱ ገና ከፊታቸው ሲነድ፥ የሚወርድ መልአክም ሳይታይ የተናገሩት አንድ ቃል ግን ሳይመረመር ይቀራል። ይኸውም «ባያድነንም» የሚለው ነው። ጭንቅ ያገኘው ሰው በእግዚአብሔር መታመን ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ ቢወድ ከዚህ ቃል ዘንድ ሊማር ይገባዋል።

አስቀድሞ ዘመኑን ማወቅ ያሻል። በጽርእ መጽሐፍ ይህ የሆነው ናቡከደነፆር በነገሠ በ18ኛው ዓመት ነው ይላል። ኢየሩሳሌምም የጠፋችው በዚያው ወራት ነው። ትንቢተ ኤርምያስ በፍጻሜው የምርኮኞቹን ቍጥር ሲናገር 18ኛውን ዓመት ያነሣል፤ መጽሐፈ ነገሥት ግን የቤተ መቅደሱን መቃጠል በ19ኛው ዓመት ያደርገዋል። ይህ የአቈጣጠር ልዩነት ነው እንጂ የነገር ጠብ አይደለም፤ ዘመኑን የሚቈጥሩ ሊቃውንት ከልደተ ክርስቶስ በፊት 587 ወይም 586 ዓመት ይሉታል። እንግዲህ ሠለስቱ ደቂቅ በንጉሥ ፊት የቆሙት በምን ወራት እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ሰሎሞን የሠራው ቤት በጠፋበት፥ ንዋየ ቅድሳቱ ተዘርፎ በባቢሎን በጣዖት ቤት በተቀመጠበት ዘመን ነው። ንጉሡ ከእጄ የሚያስጥላችሁ አምላክ ማን ነው ማለቱ መዘበት ብቻ አይደለም፤ ምስክር አለኝ ማለቱ ነው። የገዛ ቤቱን ከእሳት ያላወጣ አምላክ እናንተን ከእሳት ያወጣልን? ልጁ የሞተበት፥ ርስቱ የተነቀለበት፥ ደዌ የጸናበት ሰው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው።

ምስሉ ቁመቱ 60 ክንድ፥ ወርዱ 6 ክንድ ነበረ፤ የቆመውም በዱራ ሜዳ ነው። ለምረቃው የተጠሩት ድኾች አይደሉም፤ መሳፍንትና መኳንንት፥ አዛዦችና ዳኞች፥ የግምጃ ቤት ሹማምንት ናቸው። ሠለስቱ ደቂቅም በዳንኤል ልመና በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ የተሾሙ ነበሩና ከእነዚሁ ጋራ ተቈጠሩ። ስለዚህ ፈተናው የባለ ሹመት ፈተና ነው። ድኻን የሚፈትነው ማጣት ነው፤ ባለ ሹመትን የሚፈትነው ግን እንዳላጣ ብሎ መፍራት ነው፤ ሁለተኛውም ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ሰው ጥሏል። የከሰሷቸው ከለዳውያንም በክሳቸው መጀመሪያ ያነሡት ሹመታቸውን ነው። ዳንኤልሳ ወዴት ነበረ ቢሉ፥ መጽሐፉ አልተናገረም፤ ያልተናገረውን መጨመር አይገባም።

ሰበብ ለሚሻ ሰው ሰበብ አይታጣም ነበር። ጉልበት ይሰግዳል፥ ልብ አይሰግድም ማለት ይቻል ነበርና። ንዕማን ሶርያዊ ንጉሡ በእጁ ተደግፎ በሬማን ቤት ሲሰግድ አብሮ ማጎንበሱ ይቅር እንዲባልለት ቢጠይቅ ኤልሳዕ በሰላም አሰናብቶት የለምን ቢሉ፥ አዎን አሰናብቶታል። ነገር ግን የንዕማን ማጎንበስ ንጉሡን ስለ መደገፍ ነው፤ እርሱን ስገድ ያለው የለም፤ ሃይማኖቱም የአንድ ቀን ሕፃን ነበረ። በዱራ ግን ስግደቱ ራሱ ክህደት ሆኖ በዐዋጅ ነጋሪ ተነግሯል። ሠለስቱ ደቂቅም ከታናሽነታቸው ጀምሮ የንጉሥን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ እየበሉ ያደጉ ናቸው፤ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው እንደ ዕውቀቱ መጠን ነውና የንዕማን ሰበብ ለእነርሱ አይሆንም።

ለንጉሡ የመለሱለት ቃል ሁለት ክፍል አለው። ፊተኛው አምላካቸው ሊያድናቸው እንዲችል የሚናገር ነው፤ ሁለተኛው ባያድናቸውም እንዳይሰግዱ የሚቈርጥ ነው። አንዳንድ ሰው ሁለተኛው ፊተኛውን ያፈረሰ፥ የጥርጥር ቃል ይመስለዋል። አይደለም። ምነው ቢሉ፥ ጥርጥር የሚሆነው «ባይችልም» ቢሉ ነበር። እነርሱ በችሎታው ላይ ጥርጥር አላገቡም፤ በፈቃዱ ላይ አንፈርድም አሉ እንጂ። በወንጌልም ለምጻሙ ጌታን ሲለምን መቻሉን አልጠየቀም፤ መውደዱን ለእርሱ ተወለት። ጌታም በጌቴሴማኒ ለሰው አብነት ሊሆን ስለ ጽዋው ከለመነ በኋላ ፈቃዱን ለአባቱ ሰጥቷል። ችሎታውን ማመን ለአጋንንትም አይሳናቸውም፤ ፈቃዱን ሳያውቁ ራስን አሳልፎ መስጠት ግን የልጅ ነው። አንድም፥ የምናመልከው ስለሚያድነን አይደለም፥ አምላክ ስለ ሆነ ነው ማለታቸው ነው። ስላዳነ ብቻ የሚመለክ አምላክ ያላዳነ ዕለት አምልኮው ይቀራልና።

ይህን ቃል ይልቁን የሚያበራው በዚያው ዘመን የነበረ የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ከሦስቱ አንዱ አናንያ ይባላል፤ ትርጓሜው እግዚአብሔር ጸጋ ሰጠ ማለት ነው። በኢየሩሳሌምም ያንኑ ስም የያዘ የገባዖን ሰው፥ የዓዙር ልጅ ሐናንያ ነበረ፤ ነቢይ ነኝ ይል ነበር። ይህ ሰው ሴዴቅያስ በነገሠ በ4ኛው ዓመት በ5ኛው ወር፥ በቤተ መቅደስ በካህናትና በሕዝብ ፊት ቆሞ፥ የባቢሎን ቀንበር ተሰብሮ በ2 ዓመት ውስጥ ንዋየ ቅድሳቱም ምርኮኛውም ይመለሳል ብሎ ተነበየ። ኤርምያስ በአንገቱ ያኖረውንም የእንጨት ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ኤርምያስ ራሱ አስቀድሞ አሜን አለ፤ ሕዝቡ ቢድን አይጠላምና። በኋላ ግን በእንጨቱ ፈንታ የብረት ቀንበር እንደሚመጣ የእግዚአብሔር ቃል ነገረው፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት በ7ኛው ወር ሞተ። ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፥ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲለምኑ አዘዛቸው፤ ዘመኑም 70 ዓመት እንደ ሆነ ገለጠላቸው። በዚሁ ደብዳቤ የባቢሎን ንጉሥ በእሳት ስለ ጠበሳቸው ስለ ሴዴቅያስና ስለ አክዓብ ተናግሯል፤ እነዚህ ሁለቱ በምርኮ አገር በእግዚአብሔር ስም ሐሰት ይናገሩ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ የናቡከደነፆር እሳት ማስፈራሪያ ብቻ እንዳልነበረ ይታወቃል።

ከሁለቱ ሐናንያዎች በእግዚአብሔር የታመነ ማንኛው ነው? ለሰሚው ሙሉ ሃይማኖት የሚመስለው በ2 ዓመት ያለው ነው፤ ባያድነንም ያለው ግን ጐደሎ ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የገባዖኑ ሐናንያ የታመነው በእግዚአብሔር ሳይሆን ራሱ በቈረጠው ቀን ነው፤ የባቢሎኑ አናንያ ግን ቀን ሳይቈርጥ፥ መንገድ ሳያሳይ፥ በእግዚአብሔር ታመነ። ይህ ነገር ለካህናት ይልቁን ያስፈልጋል። በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ በዚህ ሳምንት ትነሣለህ እያለ ያልታዘዘውን የሚናገር ሰው ለጊዜው አጽናና ይባላል፤ ሳምንቱ ሲያልፍ ግን የበሽተኛውን ሃይማኖት ይዞ ይሄዳል። ስለት መሳልም መልካም ነው፥ ሐናም ተስላ ሳሙኤልን አግኝታለች፤ ነገር ግን ስለቱ ካልደረሰ ደጁን አልረግጥም የሚል ሰው ከእግዚአብሔር ጋራ ሊነግድ መጣ እንጂ ሊሳል አልመጣም።

ወደ እቶኑ እንመለስ ዘንድ ይገባል። ሰባት እጥፍ ነደደ፤ ዘይትና ዝፍት፥ ቃጫና ጭራሮ ተጨመረበት፤ ነበልባሉም 49 ክንድ ወጥቶ በዙሪያው የነበሩትን ከለዳውያን ፈጀ። የመልአኩ መውረድ የተጻፈው ከአዛርያ ጸሎት በኋላ እንጂ አስቀድሞ እንዳይደለ ልብ ይሏል። አዛርያ ማለት እግዚአብሔር ረዳ ማለት ነው፤ የጃንደረቦች አለቃ አብደናጎ፥ የናቦ አገልጋይ ብሎ ስሙን ቢለውጠው ትርጓሜውን ሊለውጥበት አልቻለም። የዚህ ሰው ጸሎት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በእሳት መካከል ቆሞ መጀመሪያ ያለው አውጣኝ አይደለም። አስቀድሞ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ያመጣብን ሁሉ በእውነተኛ ፍርድ ነው ብሎ ይመሰክራል፤ ራሱ ለጣዖት ሳይሰግድ ከሰገዱት ወገኖቹ ጋራ በድለናል ብሎ ይናዘዛል። ከዚያ መቅደስ እንደ ሌለ፥ መሥዋዕትና ዕጣን እንደ ቀረ፥ መስፍንና ነቢይ እንደ ታጣ ይናገራል፤ ስለዚህም የተሰበረውን ልብ በአውራ በግና በላም ፈንታ እንዲቀበል ይለምናል። አድነን የሚለው ቃል የሚመጣው በመጨረሻ ነው። መሥዋዕት የሚያቀርብበት ቦታ ያጣ ሰው እቶኑን መሠዊያ አደረገው።

መልአኩ ወርዶ የእቶኑን መካከል ጠል እንዳለው ነፋስ አደረገው። ይህ መልአክ ቅዱስ ገብርኤል እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ንጉሡ አራተኛውን አይቶ የአምላክን ልጅ መሰለው፤ አንድም በኋላ ዘመን ሥጋ ለብሶ ከሰው ጋራ የሚመላለሰው ወልድ ምሳሌው ተገለጠለት። እሳቱ ግን አልጠፋም። በውጭ ያለውን ይፈጃል፥ በውስጥ ያሉትን አይነካም። ታስረው የተጣሉት ተፈትተው ተመላለሱ። በምስጋናቸውም ፍጥረትን ሁሉ ሲጠሩ፥ ፀሐይንና ጨረቃን፥ ዝናምንና ጠልን ካነሡ ዘንድ እሳትንም ከአመስጋኞች ጋራ ቈጠሩት፤ በዙሪያቸው የሚነደውን እሳት ማለት ነው።

እንግዲህ የታመነ ሁሉ እንዲህ ይድናልን ቢሉ፥ መጽሐፍ እንዲህ አላስተማረም። በግብረ ሐዋርያት በ12ኛው ምዕራፍ ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው፤ ጴጥሮስን ደግሞ አሰረው፥ መልአክም በሌሊት ከወኅኒ አወጣው። ንጉሡ አንድ፥ ቤተ ክርስቲያኒቱ አንዲት፥ ወራቱም አንድ ነው። ከያዕቆብ ይልቅ ጴጥሮስ ታመነ የሚል ግን የለም። ጴጥሮስም በኋላ በሮም ቍልቍል ተሰቀለ፤ ከሰንሰለት የፈታው አምላክ ከመስቀል አላወረደውም። ለዕብራውያን የተጻፈው መልእክትም በ11ኛው ምዕራፍ የእሳትን ኀይል ያጠፉትን አንሥቶ ሳይለይ፥ በመጋዝ የተሰነጠቁትን፥ በሰይፍ የሞቱትን ከእነርሱ ጋራ ይቈጥራል።

በኢትዮጵያም ይህ ታይቷል። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ፥ ለኢጣልያም እንዲገዙ ቢጠየቁ እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ገዳዮቹ ወደ ሮም ባስታወቁት ቍጥር 297 መነኮሳት ይባላሉ፤ በኋላ የመረመሩ ሰዎች ግን የሞተው ሁሉ ከዚህ ብዙ እጥፍ እንደ ሆነ ጽፈዋል። በዓለ ፍልሰቱን ለማክበር ወደ አባታቸው ወደ ተክለ ሃይማኖት ደጅ የመጡ ሰዎች ነበሩበት። ለእነርሱ እሳቱ አልበረደም። የሠለስቱ ደቂቅን ጸሎት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይደግሙ የነበሩ እነዚህ አባቶች «ባያድነንም» የሚለውን ቃል እስከ ዳርቻው አደረሱት።

ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶኑ የወጡት ንጉሡ በጠራቸው ጊዜ ነው፤ አስቀድመው አልወጡም። መሳፍንቱና መኳንንቱ ተሰብስበው አዩአቸው፤ የራሳቸው ጠጕር አልተቃጠለም፥ የእሳትም ሽታ አልነበረባቸውም። ንጉሡም በባቢሎን አውራጃ አከበራቸው። ዳንኤል ከዚህ በኋላ ነገራቸውን አይጽፍም። ኢየሩሳሌም ፈርሳ እንደ ሆነች ነበረች፤ ኤርምያስ ከተናገረው ከ70 ዓመት አንዲት ቀን አልጐደለችም፤ ምርኮኞች እንዲመለሱ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ያወጀውም ብዙ ዘመን ቈይቶ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ538 ዓመት ነው። ሦስቱ ወንድሞች ከእሳት ወጡ፤ ከባቢሎን ግን አልወጡም፤ በማግሥቱ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።